መዘውር (ፑሊ)፦ አሠራሩና ታሪኩ

መዘውር ወይም ፑሊ ጠርዙ ላይ ገመድ የሚያልፍበት ቦይ ያለው፣ በዘንግ ላይ የሚሽከረከር ጎማ ነው። ከስድስቱ ቀላል ማሽኖች አንዱ ቢሆንም ክፍል ውስጥ በጥድፊያ ይታለፋል። አይገባውም ነበር።

ቋሚ መዘውር ከላይ ይታሰራል እንጂ ከቦታው አይነቃነቅም። ጉልበት አይቀንስም፤ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ለማንሳት 500 ኒውተን (የጉልበት መለኪያ) ገደማ መሳብ ያስፈልጋል። ጥቅሙ አቅጣጫ መቀየሩ ነው። ሰውየው ወደ ታች ሲስብ ሸክሙ ወደ ላይ ይወጣል፣ የገዛ ክብደቱም ያግዘዋል።

ተንቀሳቃሹ መዘውር ግን ከሸክሙ ጋር አብሮ ይወጣል። ሸክሙን ሁለት የገመድ ክንዶች (ከመዘውሩ ግራና ቀኝ ወደ ላይ የሚወጡት የገመዱ ክፍሎች) ስለሚካፈሉት 250 ኒውተን ይበቃል። በነፃ ግን አይደለም፤ ሲሚንቶውን 3 ሜትር ለማንሳት 6 ሜትር ገመድ መሳብ ግድ ነው። ክንዶቹ አራት ሲሆኑ 125 ኒውተንና 12 ሜትር ይሆናል። ይህ ፍትጊያና የመዘውሩ ክብደት ሳይታሰቡ ነው። ጎማ በተጨመረ ቁጥር ፍትጊያውም ስለሚጨምር፣ መዘውር መደራረብ ልክ አለው።

በጥንታዊት ሜሶጶጣሚያ ውሃ ይቀዱበት ነበር ይባላል። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ደግሞ የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ አርኪሜዲስ ሰውና ጭነት የያዘች መርከብን ራቅ ብሎ ተቀምጦ በመዘውር እንደጎተተ ጽፏል። ታሪኩን የጻፈው ከ300 ዓመት ገደማ በኋላ ስለሆነ ሳይጋነን አልቀረም።

ታሪኩ በደንብ የሚታወቀው በእንግሊዝ የፖርትስማውዝ የባሕር ኃይል መርከብ ግቢ የነበረው የመዘውር ፋብሪካ ነው። በ1800ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንድ ባለ 74 መድፍ የጦር መርከብ ሸራውን ለመቆጣጠር 1,000 ያህል መዘውር ይፈልግ ነበር። እያንዳንዱን በእጅ መጥረብ የማይቻል ነገር ሆነ። የባሕር ኃይሉ የግንባታ ሥራዎች ኃላፊ ሳሙኤል ቤንታም የመርከብ ግቢውን በእንፋሎት ሞተር አዘመነ፤ ፈረንሳይ የተወለደው መሐንዲስ ማርክ ብሩኔል መዘውር የሚሠሩትን ማሽኖች ነደፈ፤ የማሽን ሠሪው ሄንሪ ሞድስሌይ ሠራቸው። 10 ተራ ሠራተኞች የ110 ባለሙያዎችን ሥራ ሸፈኑ። በ1808 ምርቱ 130,000 ደረሰ። ከብረት በተሠሩ ማሽኖች የጅምላ ምርት ከተጀመረባቸው ቀዳሚ ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው። ክብሩ ብዙውን ጊዜ ለብሩኔል ይሰጣል። ንድፉን በዚያ ጥራት ወደ ብረት የለወጠው ሞድስሌይ ግን ግማሹ ይገባዋል። አንዳንዶቹ ማሽኖች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሠርተዋል።

ዛሬ መዘውር ክሬን ላይ፣ የውሃ ጉድጓድ ገመድ ፓምፕ ላይ፣ ሊፍት ላይ አለ። ሊፍት ላይ ፍትጊያ ይፈለጋል፤ የብረት ገመዱን ይዞ የሚጎትተው እሱ ነው። በገመዱ ሌላ ጫፍ ሚዛን የሚጠብቅ ክብደት ስለተንጠለጠለ፣ ሞተሩ የሚያነሳው በሊፍቱና በዚያ ክብደት መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው።