በፎርሙላ ዋን የ107 በመቶ ደንብ እንዴት ይሠራል?

በፎርሙላ ዋን የመነሻ ቦታ የሚወሰንበት ማጣሪያ ሦስት ክፍሎች አሉት። የ107 በመቶው ገደብ የሚሰላው በመጀመሪያው ክፍል በተመዘገበው ፈጣን ሰዓት እንጂ፣ ብዙ ተመልካቾች እንደሚገምቱት በመጨረሻው ክፍል የፊተኛውን መነሻ ባስገኘው ሰዓት አይደለም። ለምሳሌ በመጀመሪያው ክፍል ፈጣኑ ዙር 80 ሰከንድ ከሆነ ገደቡ 85.6 ሰከንድ ይሆናል፤ አሽከርካሪው በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድም ዙር ካላጠናቀቀ በዋናው ውድድር የመሰለፍ መብት የለውም።

ደንቡ በ1996 (እ.ኤ.አ.) የወጣው በጣም ዘገምተኛ የሆኑ መኪኖች ከፈጣኖቹ ጋር በአንድ መንገድ ሲሮጡ ከሚፈጠረው አደጋ ለመጠበቅ ነበር። ከ2002 የውድድር ዘመን በኋላ ቀርቶ በ2011 ተመለሰ።

ይሁን እንጂ ገደቡ ፍጹም አይደለም። መኪናው በማጣሪያው ላይ ተበላሽቶበት ሰዓት ማስመዝገብ ያልቻለ አሽከርካሪ በልምምድ ወቅት በቂ ፍጥነት አሳይቶ ከነበረ፣ ዳኞች ከኋላ እንዲነሳ ሊፈቅዱለት ይችላሉ። ደንቡ የሚጠይቀው ብቃትን እንጂ ዕድልን ስላልሆነ ይህ ተገቢ ነው እላለሁ። በ2012 በአውስትራሊያ ግን ሁለቱም የኤች አር ቲ ቡድን መኪኖች ገደቡን ማሟላት ስላልቻሉ ከውድድሩ ውጭ ሆነዋል።