ጭንቀትን የሚያረግቡ የዮጋ አቀማመጦች

ለጭንቀትና ለውጥረት ተብለው የሚሠሩት የዮጋ አቀማመጦች ከሩቅ ሲታዩ እንቅስቃሴም አይመስሉም። አንዱ በጀርባው ተንጋሎ እግሮቹን ግድግዳ ላይ ሰቅሏል፤ ሌላዋ ተንበርክካ ግንባሯን ምንጣፍ ላይ ደፍታለች፤ ሦስተኛው ብርድ ልብስ ደርቦ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወሩት፣ በእጅ ተቁሞ እግር ከጭንቅላት በላይ የሚታጠፍባቸው ፎቶዎች ከዚህ ጋር ብዙም ዝምድና የላቸውም። የተጨነቀ ሰው የሚፈልገው ብዙ የማያለፋ፣ ለደቂቃዎች ሊቆዩበት የሚቻል፣ ትንፋሽን ለማርዘም የሚመች አቀማመጥ ነው።

ዮጋ በሕንድ እጅግ ያረጀ ነው፤ አቀማመጦች ዋናውን ቦታ የያዙበት መልኩ ግን የቅርብ ጊዜ ነው። ጥንታዊው የሕንድ ጽሑፍ፣ የፓታንጃሊ የዮጋ ሱትራ፣ ከ190 በላይ አጫጭር አንቀጾች ሲኖሩት ስለ አቀማመጥ የሚያወሩት ጥቂቶች ናቸው፤ የሚሉትም የጸናና የተመቸ ይሁን ነው። የጽሑፉ ጉዳይ የሐሳብን መዋዠቅ ማርጋት ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በስዋትማራማ የተጻፈው ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ ደግሞ 15 አቀማመጦችን ይዘረዝራል። ከእነዚህ አንዱ ሻቫሳና፣ ማለትም እንደ ሬሳ በጀርባ መንጋለል፣ ድካምን የሚያስወግድና አእምሮን የሚያሳርፍ ተብሎ ተመዝግቧል።

ዛሬ በየከተማው የሚሰጠው ትምህርት በአብዛኛው የሚመዘዘው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በደቡብ ሕንድ በማይሶር ቤተ መንግሥት ካስተማሩት ከቲሩማላይ ክሪሽናማቻርያ ነው። ተማሪያቸው ኢንድራ ዴቪ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሆሊውድ ውስጥ የዮጋ ማሠልጠኛ ከፈቱ። ሌላው ተማሪያቸው ቢ.ኬ.ኤስ. አየንጋር በልጅነታቸው በወባ፣ በታይፎይድና በሳንባ ነቀርሳ የተሠቃዩ ሰው ነበሩ። ሰውነቱ እንቢ ላለው ሁሉ ወንበር፣ ብርድ ልብስ፣ ቀበቶና የእንጨት ጡብ እየደገፉ ማሠራትን ያስፋፉት እሳቸው ናቸው፤ ለጭንቀት የሚሆነው ዮጋ ከማንም በላይ ባለዕዳነቱ ለእሳቸው ይመስለኛል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2014፣ በየዓመቱ ሰኔ 14 (ጁን 21) የዓለም የዮጋ ቀን እንዲሆን ወሰነ። ዩኔስኮ ደግሞ ዮጋን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው አዲስ አበባ ላይ ነው፤ በኅዳር 2009 ዓ.ም. በተካሄደው፣ የገዳ ሥርዓትም በተመዘገበበት በዚያው ጉባኤ።

ሥራው ያለው ትንፋሽ ላይ ነው። ሰው ሲጨነቅ ሲምፓቴቲክ የሚባለው የነርቭ ክፍል ይነቃል፤ አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ትንፋሽ ያጥርና ከደረት በላይ ይቀራል። ከእነዚህ ሁሉ በፈቃዳችን ልንነካው የምንችለው ትንፋሽንና ጡንቻን ነው፤ ልብን ቀስ በል ብለው ቢያዙት አይሰማም። አየር ስናስገባ የልብ ምት በትንሹ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ደግሞ ከአንጎል ወደ ልብ በሚወርደው በቬገስ ነርቭ በኩል ይረግባል። ስለዚህ እስከ አራት እየቆጠሩ አስገብቶ እስከ ስድስት ወይም ስምንት እየቆጠሩ ማስወጣት፣ ማስወጫውን በማስረዘም ብቻ ልብን ወደ ዝግታ ይጎትታል። አቀማመጡ ለዚህ መሣሪያ ነው። ትንፋሽ የሚያስይዝ፣ ጥርስ የሚያስነክስ ከሆነ የቱንም ያህል ቢያምር ለጭንቀት አይረባም።

እግርን ግድግዳ ላይ መስቀል፣ በሳንስክሪት ቪፓሪታ ካራኒ፣ ለጀማሪ ከሁሉም ይቀላል። የሚከብደው አገባቡ ነው። ፊትን ወደ ግድግዳው አዙሮ መተኛትና እየተንፏቀቁ መጠጋት አድካሚ ነው፤ ይልቅ ጎንን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ዳሌን አስነክቶ መቀመጥና በአንድ ዙር ጀርባን ወደ ወለሉ እግርን ወደ ላይ ማድረግ ይሻላል። የታጠፈ ብርድ ልብስ ከወገብ ሥር ይገባል፣ እጆች ወደ ጎን ይዘረጋሉ፣ መዳፍ ወደ ላይ ይሆናል። የጭኑ ጀርባ ከተወጠረ ከግድግዳው ትንሽ መራቅ ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ እግር መደንዘዝ ሲጀምር ጉልበትን አጥፎ ወደ ጎን በመዞር በእጅ እየተደገፉ መነሣት እንጂ ብድግ አይባልም።

የሕፃን አቀማመጥ የሚባለው ባላሳና ጉልበትን ከፍቶ፣ መቀመጫን ተረከዝ ላይ አሳርፎ፣ ግንባርን መሬት ማስነካት ነው፤ ግንባር ካልደረሰ ትራስ ይቀርብለታል። ሆድ ጭን ላይ ስለሚጫን ትንፋሽ ወደ ጀርባ ሲሄድ ይሰማል። የድመትና የላም እንቅስቃሴ በአራት እግር ሆኖ ጀርባን ከትንፋሽ ጋር ማጉበጥና ማርገብ ነው፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ለሚያስጨንቀው ሰው ቀድሞ ይሠራል።

ሻቫሳና መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ቀላል ይመስላል፣ ለተጨነቀ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከባዱ እሱ ነው። ሰውነት ዝም ሲል ያልተከፈለው ኪራይ፣ ያልተመለሰው ስልክ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ሁሉ ይግተለተላል። ዐይንን መጨፈን ግዴታ አይደለም፤ ጣሪያው ላይ አንድ ነጥብ ማየት፣ ወይም በጎን ተኝቶ በጉልበቶች መካከል ትራስ ማስገባት ይቻላል። ክፉ ነገር ያሳለፉ ሰዎችን የሚያሠለጥኑ መምህራን ይህን ምርጫ አስቀድመው ይሰጣሉ።

ምን ያህል ይረዳል? ከጠንካራዎቹ ጥናቶች አንዱ በአሜሪካ 226 የጠቅላላ ጭንቀት ሕመም ያለባቸውን አዋቂዎች ለ12 ሳምንት ያነጻጸረው ነው። ኩንዳሊኒ የሚባለውን፣ አቀማመጥን ከትንፋሽና ከተመስጦ ጋር የሚያጣምረውን የዮጋ ዓይነት ከሠሩት 54 በመቶ ያህሉ ተሻላቸው፤ ስለ ውጥረት ትምህርት ብቻ ከወሰዱት 33 በመቶ። አስተሳሰብንና ባህሪን የሚያስተካክለውን የንግግር ሕክምና ካገኙት ግን 71 በመቶ ገደማ፤ ከስድስት ወር በኋላም ከትምህርቱ ጎልቶ የበለጠው የንግግር ሕክምናው ብቻ ነበር። ስለዚህ ዮጋ ይረዳል፤ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አስትቶ የሚተካ ግን አይደለም።

ጥንቃቄም አለው። የግላኮማ ሕመም ያለበት ሰው ጭንቅላት ወደ ታች የሚዘቀዘቅባቸውን አቀማመጦች መተው አለበት፤ የዐይን ግፊት ይጨምራሉና። እርግዝናዋ የገፋ ሴት በጀርባ ረጅም ጊዜ አትንጋለልም። እንደ ካፓላባቲ ያሉ ፈጣን የአተነፋፈስ ልምምዶች ድንገተኛ ፍርሃት ለሚይዘው ሰው መፍዘዝና የልብ መምታት ሊያስነሡበት ይችላሉ።

በአገራችን ከጤናው ጥያቄ ቀድሞ የሚነሣው የሃይማኖቱ ነው፤ ዮጋ ሥሩ ከሕንድ እምነቶች ስለተነሣ ጥያቄው ቦታ አለው። አንዳንዱ አማኝ ጨርሶ ይተወዋል፤ ሌላው ዜማውንና ሰላምታውን ትቶ መተጣጠፉንና ትንፋሹን ይወስዳል። ክርክሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካዋ አላባማ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1993 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዮጋን ከልክላ፣ በ2021 ስትፈቅድ አቀማመጦቹ በእንግሊዝኛ ስም ብቻ እንዲጠሩ፣ «ናማስቴ» የሚለው ሰላምታም ክፍል ውስጥ እንዳይባል በሕግ ደነገገች።