የሠራዊት ቤተሰብ ኑሮ በባሕር ዳር

«ወታደር» የሚለው ቃል «ወጥቶ አደር» ከሚለው የመጣ ነው ሲባል በሰፊው ይነገራል። ቃሉ ከቤቱ ወጥቶ የሚያድረውን ሰው ይጠራል። ቤት ቀርተው ለሚያድሩት ግን ይህን የመሰለ አንድ ራሱን የቻለ ስም አልወጣላቸውም፤ የወታደር ሚስት፣ የወታደር ልጅ፣ የሠራዊት ቤተሰብ እየተባሉ በሄደው ሰው ይጠራሉ። ይህ ዳሰሳ ስለ እነርሱ ነው።

ባሕር ዳር ከጣና ሐይቅ በስተደቡብ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የአማራ ክልል መዲና ናት። እንግዳ የሚያስታውሳት በዘንባባዎቿና በደሴት ገዳማቷ ነው። ነዋሪዎቿ ግን የሠራዊት ከተማ መሆኗንም ያውቃሉ። መኮድ እየተባለ የሚጠራው የጦር ካምፕ በከተማዋ ውስጥ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያውም መንገደኛን ብቻ ሳይሆን አየር ኃይልንም ያገለግላል። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ወደዚህ ማረፊያ ሮኬት ሲተኮስ፣ ጦርነት ሩቅ አገር ያለ ነገር አለመሆኑን የከተማው ሰው ሁሉ በጆሮው ሰምቷል። የሠራዊት ቤተሰብ ካምፕ ውስጥም ይኖራል፤ በየቀበሌው ቤት ተከራይቶም ይኖራል። ከጎረቤቱ የሚለየው አጥርና ግቢ አይደለም። የሚለየው አንዲት ቃል ናት፤ ግዳጅ። «አባትህስ?» ሲባል ልጁ «ግዳጅ ላይ ነው» ይላል፤ የት እንደሆነ አይጨምርም፤ ብዙ ጊዜም አያውቅም።

በእንዲህ ያለ ቤት ቀኑ የሚጀምረው ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ፣ መብራት ሳይሄድ እንጀራ ለማድረስ ነው። ምጣዱ እስኪግል የትናንቱ ምሳ ዕቃ ይታጠባል፤ የመጀመሪያው እንጀራ ሲወጣ ትልቁ ልጅ ይቀሰቀሳል። እናትየዋ ራሷ ተቀጣሪ ከሆነች ከ2 ሰዓት ተኩል በፊት ሦስት ቦታ መድረስ አለባት፦ አንዱን ልጅ ትምህርት ቤት፣ ታናሹን ጎረቤት፣ ራሷን ሥራ ቦታ። ባጃጅ ሳይገኝ ሲቀር አንዱን በእጅ፣ ሌላውን በጀርባ ይዛ በእግሯ ትነሳለች። ከሰዓት በኋላም የሚጠብቃት ሥራ የሁለት ሰው ነው። የወላጅ ስብሰባ፣ የቤት ኪራይ፣ የእድር መዋጮ፣ የውሃ ቆጣሪ ንባብ፣ በአንዱ ልጅ ላይ የተነሳ ትኩሳት አባት ቤት ያለ ይመስል በአንድ ቀን ይሰበሰባሉ። ባልየው ከመሄዱ በፊት ከሚጨርሳቸው ጉዳዮች መካከል ውክልና መስጠት ዋነኛው ነው። እርሱ ውልና ማስረጃ ሄዶ ውክልናውን ካልፈረመ፣ በሌለበት የጋራ ቤት ማዋዋልም፣ በእርሱ ስም ያለ ጉዳይ ማስፈጸምም አይቻልም። ውክልናውን ነገ ዛሬ እያለ ሳይሰጥ ግዳጅ የወጣ ሰው ቤተሰብ የሚደርስበትን መጉላላት ያየ፣ ይህችን ወረቀት ከስንቅ አያሳንሳትም።

ስለ ስንቅ ከተነሳ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ደመወዝተኛ ሠራዊት ከመኖሩ በፊት ዘማቹ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ በተደረገው ዘመቻ ሴቶች ስንቅ አዘጋጅተው፣ ውሃ ቀድተው፣ ቁስለኛ አንስተው ከጦሩ ጋር ተጉዘዋል። ጥቅምት 15 ቀን 1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስቴርም አብሮ ተቋቋመ፤ ዛሬ የሠራዊት ቀን የሚከበረው በዚሁ ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ወታደሩን መመገብ ቀስ በቀስ የመንግሥት ሥራ ሆኗል። ቋጠሮው ግን አልቀረም። ገብስ ተፈትጎ፣ ተቆልቶና ተፈጭቶ በሶ ይሆናል፤ ከፊሉ በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ ጭኮ ይወጣዋል። እንጀራው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል። ቋንጣ፣ በርበሬና ሽሮ በየፌስታሉ ይታሰራሉ። ላስቲኩ እንዳይቀደድ በአሮጌ አንሶላ ቁራጭ ይጠቀለላል፤ ጨርቁ ላይ በእስክሪብቶ ስም፣ ማዕረግና ክፍል ይጻፋል። ሃምሳ አለቃ እገሌ፣ ይህን ያህልኛ ሬጅመንት። የሚያደርሰው ፍቃዱን ጨርሶ የሚመለስ ባልደረባ ነው። ከአንድ ቤት የወጣውን ጭኮ አንድ ጓድ ሙሉ ይቀምሰዋል። ስለዚህም አብዝታ የምታሽ ሴት ባለሙያ ናት፤ ለባሏ ብቻ የሚበቃ የምትልክ የለችም።

ሚስቲቱ ብዙ ጊዜ ባሏን በስሙ አትጠራውም፤ «የልጆቼ አባት» ትለዋለች። ባልና ሚስት ሁለቱም የሠራዊት አባላት የሆኑበት ቤትም አለ። ያኔ ልጆቹ አያት ዘንድ ያድጋሉ፤ ስንቅ የምትቋጥረውም፣ ትምህርት ቤት የምትጠራውም አያት ትሆናለች።

ስልክ ይህን ኑሮ በእጅጉ ለውጦታል። ቀድሞ በሰው እጅ የሚላክ ደብዳቤ ወራት ይፈጅ ነበር፤ አሁን ደመወዝ በባንክ፣ የኪስ ገንዘብም በቴሌብር ይደርሳል። ሆኖም ግዳጅ ላይ ያለ ሰው የሚደውለው አውታር ሲያገኝና ሲፈቀድለት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ በተቋረጠበት ወቅት ደግሞ የልጆቹን ፎቶ መላክ ያልተቻለባቸው ወራት ነበሩ። ጎረቤት ከጎረቤት የሚጠያየቀው በአንድ ቃል ነው፤ «ደወለ?» ሲደወል ተራ አለው። ትንሹ ልጅ ይቀድማል፣ ትልቁ ይከተላል፣ እናት መጨረሻ ላይ ትቀበላለች። ትኩሳቱንም፣ የኪራዩን ጭማሪም አትነግረውም። እርሱም የነበረበትን አይነግራትም። ይህን መደባበቅ ከውሸት ቆጥሮ የሚነቅፍ ሰው ገጥሞኛል፤ እኔ ግን አንዱ ለሌላው የሚከፍለው ዋጋ አድርጌ ነው የማየው።

በእንዲህ ያለ ቤት በማለዳ በር አይንኳኳም። መርዶ በባህላችን የሚነገረው ሽማግሌዎች ተሰብስበው ገና ጎህ ሳይቀድ በመሄድ ነውና፣ የሚያውቁ ጎረቤቶች እሳት ለመጫር ወይም ወንፊት ለመዋስ ቢፈልጉ እንኳ ፀሐይ እስክትወጣ ይታገሣሉ። ቢቸግራቸው ከአጥር ውጭ ሆነው «እኔ ነኝ፣ ደህና ነው!» ብለው ድምፃቸውን ያስቀድማሉ። እድርተኞቹም ይህንን ያውቃሉ። ለተራ ጉዳይ የሚላክ ሰው ከሰዓት በኋላ ይላካል።

ፍቃድ ሲመጣ ቤቱ ይገለበጣል። ዶሮ ይታረዳል፣ ጠላ ይጠመቃል፤ ጾም ከሆነ ከሐይቁ የወጣ ቀረሶ ዓሣ የሚጠብስ ቤት አለ። ከስክስ ጫማው ደጃፍ ላይ ይቆማል፤ ልጆቹ እግራቸውን ከተው እስከ ጉልበታቸው ሲደርስ ይሳሳቃሉ። ሕፃን ሳለ ትቶት የሄደው ልጅ ግን የእናቱን ቀሚስ ይዞ ከኋላዋ ይደበቃል። ይህን ልጅ ለማላመድ አባቶች የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ፤ ሬንጀሩን አውልቀው፣ በነጠላ ጫማ ሆነው፣ ወደ ሐይቁ ዳርቻ ይዘውት ይወርዳሉ። የደንገል ታንኳዎች ሲያልፉ ያሳዩታል፣ ዳቦ ይገዙለታል፣ አጠገቡ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ልጁ መጀመሪያ የሚነካው እጃቸውን አይደለም፤ የሰዓታቸውን ማሰሪያ ነው። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቀን ላይ ትከሻቸው ላይ ወጥቶ ይመለሳል፤ እናትየዋ ደግሞ በዚያው ሳምንት ለመመለሻው የሚሆነውን ገብስ ማስፈተግ ትጀምራለች።