ጥቁርና ነጭ ፎቶ ሲታተም፦ ስለ ጥቁረትና ስለ ወረቀት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጥሩ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሲነሳ ሳይሆን ሲታተም ነው። ምክንያቱ ደግሞ እንደ እውነት የሚነገሩ አንዳንድ ምክሮች ናቸው።

«ጥልቀት ማለት ድፍን ጥቁር ማለት ነው»

አይደለም። ጥልቀት የሚፈጥሩት ከጥቁሩ ቀጥሎ ያሉት ጠቆር ያሉ ግራጫዎች ናቸው። የጥቁር ካባ እጥፋት ካልተለየ ኮንትራስት (የጥቁርና የነጭ ልዩነት) መጨመር ምንም አይፈይድም። ጥላው ይዋጣል፣ ፎቶውም ጠፍጣፋ ይሆናል።

«የሚያብረቀርቅ ወረቀት ሁልጊዜ ይበልጣል»

ይሄኛው ግማሽ እውነት አለው። የህትመት ጥቁረት በመሣሪያ ሲለካ ባሪታ የሚባለው የሚያብረቀርቅ የፎቶ ወረቀት 2.2 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። የማያብረቀርቅ የጥጥ ወረቀት (ማት) ግን 1.6 አካባቢ ነው። በዚህ መለኪያ 0.3 ሲጨመር የሚንጸባረቀው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ የባሪታው ጥቁር የሚመልሰው ብርሃን የማቱን ሩብ ያህል ብቻ ነው። የማት ገጽ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው የተወሰነው ሁልጊዜ ዓይናችን ውስጥ ይገባል።

ቁጥሩ ግን ሁሉንም አይናገርም። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ኢቫንስ በ1903 በእንግሊዝ ዌልስ (Wells) በምትባል ከተማ ያለውን ካቴድራል ደረጃዎች አንስቶ በፕላቲነም አትሟል። ሥራው «የደረጃዎች ባሕር» ይባላል። በፕላቲነም ህትመት ብረቱ የሚያርፈው የወረቀቱ ክሮች ላይ ነው፤ የሚያብረቀርቅ የጄላቲን ሽፋን የለውም። ጥቁሩም ከባሪታ ያነሰ ነው። ሆኖም በእግር ብዛት በተበላው ድንጋይ ላይ ብርሃኑ ከግራጫ ወደ ግራጫ ቀስ እያለ ሲሸጋገር ማየት በጣም ደስ ይላል! ለጭጋግ፣ ለአሮጌ ድንጋይ፣ ለሰው ፊት እኔ ማትን እመርጣለሁ። ለሌሊት መንገድና ዝናብ ላረጠበው አስፋልት ግን ባሪታ ይሻላል።

«ወረቀቱ በነጣ ቁጥር ጥሩ ነው»

በጣም የሚነጡ ወረቀቶች አብዛኛውን ጊዜ የማንጫ ኬሚካል አላቸው። የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ወደ ሰማያዊ ብርሃን ይቀይረዋል። ጨረሩ በሌለበት፣ ለምሳሌ በብዙ የኤልኢዲ መብራቶች ሥር፣ አይሠራም። ከዓመታት በኋላም ይደክምና ወረቀቱ ቢጫ ቢጫ ይላል። ለዓመታት የሚሰቀል ሥራ ከሆነ ኬሚካሉ የሌለበትን የጥጥ ወረቀት ፈልጉ።

«ወፍራም ወረቀት ጥቁሩን ያጠልቀዋል»

ውፍረት ለአያያዝ ነው። ጥቁረቱን የሚወስኑት የገጹ ሽፋንና ቀለሙ ናቸው።

«ስክሪኑ ላይ ያየሁት እንዳለ ይወጣል»

ስክሪን ብርሃን ያመነጫል፣ ወረቀት ግን የሚመልሰው ያረፈበትን ብቻ ነው። ስክሪኑ በጣም ከደመቀ ህትመቱ ጨልሞ ይታያል። መጀመሪያ ድምቀቱን ቀንሱ። ፕሪንተሩ ላይ ለወረቀቱ የሚስማማውን ጥቁር ቀለም ምረጡ፤ የማት ጥቁር ቀለም በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ በደንብ አይዝም። ከዚያ ጨለማ የበዛበትን የፎቶውን ክፍል ብቻ በትንሽ ቁራጭ አትሙ። ሲደርቅ፣ ፎቶው በሚሰቀልበት ቦታ ብርሃን እዩት።