ከአቦርጂናል ሕዝቦች ጋር አጋርነት ምንድን ነው?

በአውስትራሊያ ስብሰባ ሲከፈት ተናጋሪው የቦታው ነባር ባለቤቶች የሆኑትን የአቦርጂናል ሕዝቦች ስም ጠርቶ አክብሮቱን ይገልጻል። ደግ ልማድ ነው። ነገር ግን ብዙዎች ኃላፊነታቸውን በዚያች ዓረፍተ ነገር የጨረሱ ይመስላቸዋል። አጋርነት ማለት የመብት ጥያቄ ያነሳው ሕዝብ ራሱ በመረጠው መንገድ ከጎኑ መቆም፣ ጊዜንና ገንዘብን፣ ሲያስፈልግም የራስን ስም ለዚያ ማዋል ነው። የሚመራው ባለጉዳዩ ነው፤ አጋሩ ይከተላል።

መከተል ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1966 በሰሜን ቴሪቶሪ፣ ዌቭ ሂል በተባለው የከብት እርባታ ጣቢያ ይሠሩ የነበሩ ጉሪንጂ የተባሉ የአቦርጂናል ሕዝቦች በቪንሰንት ሊንጊያሪ መሪነት ሥራ አቁመው ወጡ። ከነቤተሰቦቻቸው ሁለት መቶ ያህል ነበሩ። ጣቢያውን የያዘው ቬስቲ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ነበር። በዚያው ዓመት ደመወዝ የሚወስነው የአገሪቱ የግልግል ኮሚሽን ለአቦርጂናል የከብት እርባታ ሠራተኞች እኩል ደመወዝ ፈቅዶ አፈጻጸሙን እስከ 1968 መጨረሻ አዘግይቶት ስለነበር፣ የከተማው ሰው አድማውን የደመወዝ ጥያቄ ብቻ አድርጎ ተረዳው። ጉሪንጂዎቹ ግን ዋቲ ክሪክ ወደተባለው ቦታ ወርደው ሰፈሩና «መሬታችን ይመለስልን» አሉ።

የሠራተኛ ማኅበራት ገንዘብ አሰባሰቡ፤ ሊንጊያሪ በደቡብ ከተሞች ቀርቦ እንዲናገር መድረክ አመቻቹ። ደራሲው ፍራንክ ሃርዲ ጉሪንጂዎቹ በጠየቁት መሠረት የሕዝቡን ስም የያዘ ሰሌዳ ጻፈላቸው፤ በ1967 ለአገረ ገዢው ያቀረቡትን አቤቱታም በማዘጋጀት አገዛቸው። እኔን የሚገርመኝ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ነው፤ ስለ ደመወዝ ሊታገሉ የመጡ ሰዎች የራሳቸውን ሐሳብ ትተው የመሬቱን ጥያቄ ይዘው ቆዩ። በነሐሴ 1975 ጠቅላይ ሚኒስትር ጎፍ ዊትላም መሬቱ ለመመለሱ ምልክት እንዲሆን ከመሬቱ አፈር ዘግነው በሊንጊያሪ መዳፍ ላይ አፈሰሱ። ዘጠኝ ዓመት ወስዷል።

በሙያ የሚደረግ አጋርነትም አለ። በ1971 በሲድኒ ሬድፈርን የተከፈተውን የአቦርጂናል የሕክምና አገልግሎት የሚያስተዳድረው ማኅበረሰቡ ራሱ ነበር፤ ሐኪሞች በበጎ ፈቃድ አገለገሉ። ከመሥራቾቹ ጋር የነበረው የዓይን ሐኪም ፍሬድ ሆሎውስ ነው፤ በኢትዮጵያ በትራኮማ ላይ የሚሠራ ድርጅት ዛሬ በስሙ ይጠራል።

«እኛ ትናንት የመጣን ስደተኞች ነን፤ መሬቱን የወሰድነው እኛ አይደለንም» የሚል ወገን በአውስትራሊያ በምንኖር ሐበሾች መካከል አለ። እውነት ነው። ሆኖም የምንኖረው በዚያው መሬት ላይ ነው። የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በሜልበርን ፉትስክሬይ፣ በ1930ዎቹ ዊሊያም ኩፐር የሚባሉ ዮርታ ዮርታ የተባለው የአቦርጂናል ሕዝብ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ሕዝባቸው በፓርላማ እንዲወከል ለእንግሊዝ ንጉሥ የጻፉት አቤቱታ 1,814 ፊርማ ይዞ ሳለ መንግሥት ሳያደርሰው ቀረ። እኚሁ ሰው በታኅሣሥ 1938፣ ናዚዎች በአይሁድ ላይ የፈጸሙትን ጥቃት ለመቃወም ልዑካን መርተው ወደ ጀርመን ቆንስላ ሄዱ፤ በሩ አልተከፈተላቸውም። የራሳቸው መብት ያልተከበረላቸው ሰው በሩቅ አገር ለሚሰደድ ሕዝብ ጮኹ። በዚያ ሰፈር እየኖሩ «አይመለከተኝም» ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም።

አቦርጂናሎች ሁሉ አንድ ሐሳብ አላቸው ማለትም አይደለም። በ2017 የወጣው የኡሉሩ መግለጫ አቦርጂናሎችና የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ነዋሪዎች ሐሳባቸውን ለፓርላማ የሚያቀርብ «ድምፅ» የተባለ አካል በሕገ መንግሥቱ ውስጥ እንዲኖራቸው ጠየቀ። በጥቅምት 2023 ሕዝበ ውሳኔ ከመራጩ 60 በመቶው ያህል እምቢ አለ። ሴናተር ጃሲንታ ፕራይስና ሴናተር ሊዲያ ቶርፕ ሁለቱም አቦርጂናል ናቸው፤ ሁለቱም ተቃወሙ፤ የአንዷ ምክንያት ግን ከሌላዋ ፈጽሞ ተቃራኒ ነበር። ስለዚህ አጋር መሆን የሚፈልግ ሰው ለራሱ የሚጥመውን አንድ ተናጋሪ መርጦ መጥቀስ አይበቃውም፤ ማንበብ፣ መጠየቅና በሚኖርበት አካባቢ ያሉት ሰዎች ምን እንደሚሉ ማወቅ አለበት።

ከሁሉ የሚቀርበን ሥራ ደግሞ በራሳችን ቤት ያለው ነው። በለቅሶና በማኅበር ላይ ስለ አቦርጂናሎች «ሰነፎች ናቸው፣ ይጠጣሉ» የሚል ወሬ በአማርኛ ሲነሳ ሰምቶ የሚመልስ አቦርጂናል በክፍሉ ውስጥ የለም። ያኔ ስለ ዌቭ ሂልና ስለ ኩፐር መናገር የሚችለው እዚያ የተቀመጠው ሐበሻ ብቻ ነው።