«ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው» እና ሊን ስለሆነ ሞተር የሚነገሩ ሌሎች ስህተቶች

የቼክ ኢንጂን መብራት የበራበት ባለመኪና ጅማ ውስጥ ወደ ጋራዥ ሲገባ በመጀመሪያ የሚደረግለት የሞተሩ ኮምፒውተር የመዘገበውን የስህተት ኮድ የሚያነብ ስካነር መሰካት ሆኗል፤ ይህ በራሱ መልካም ነገር ነው። ችግሩ የሚጀምረው ስካነሩ ፒ0171 የሚለውን ኮድ ሲያወጣ ነው። ይህ ኮድ፣ እንዲሁም ቪ ቅርጽ ባላቸው ሞተሮች ላይ የሌላኛውን ወገን የሚያመለክተው ፒ0174፣ የሚናገሩት ኮምፒውተሩ ከአየሩ አንጻር ነዳጅ እንዳነሰ ማመኑን፣ በጋራዥ ቋንቋ ሞተሩ ሊን መሆኑን ብቻ ነው። ምክንያቱን ግን አይናገሩም። ምክንያቱን የሚጨምሩት ሰዎች ናቸው፣ የሚጨምሩትም ሁልጊዜ ያንኑ «ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው» የሚለውን ነው። በየሳምንቱ ያንኑ መልስ መስማት ስለሰለቸኝ ስህተቶቹን አንድ በአንድ አነሳቸዋለሁ።

«ሊን ካለ ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል።»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ከባለመኪናው ኪስ ብዙ ብር የሚያስወጣውም እሱ ነው። ኦክስጅን ሴንሰር የጭስ መውጫው ላይ ተተክሎ ከተቃጠለው ጋዝ ውስጥ ምን ያህል ኦክስጅን እንደተረፈ ይለካል። የተለመደው ዓይነት ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ድረስ እየወጣና እየወረደ ይሠራል፤ ከ0.45 በታች ሲሆን ኦክስጅን ተርፏል፣ በላይ ሲሆን ነዳጅ በዝቷል ማለት ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ ኮምፒውተሩም ሴንሰሩን እየሰማ ድብልቁን በዚህ ልክ ለማቆየት ነዳጁን በመቶኛ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ይህ ማስተካከያ ፊውል ትሪም ይባላል፤ ወዲያው የሚለዋወጥ የአጭር ጊዜ እና ተጠራቅሞ የሚቀመጥ የረጅም ጊዜ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉት። ሁለቱ ተደምረው ከ10 በመቶ በታች ቢሆኑ የሚያሳስብ ነገር የለም። ወደ 25 በመቶ ሲጠጉ ኮምፒውተሩ «የምችለውን ያህል ነዳጅ ጨምሬአለሁ፣ አሁንም ኦክስጅን ይታየኛል» ብሎ ኮዱን ያወጣል። እንግዲህ ሴንሰሩ ሊን መሆኑን ከተናገረ ብዙውን ጊዜ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል ማለት ነው። እሱን ነቅሎ መለወጥ ጅብ አይቶ የጮኸን ውሻ እንደ መደብደብ ነው።

ከአጋሮ የመጣ አንድ የቡና ነጋዴ ኮሮላ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። መኪናው እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት በሌላ ቦታ ሴንሰሩ ሁለት ጊዜ ተለውጦለታል፤ መብራቱም ሁለቱንም ጊዜ በሳምንቱ ተመልሶ በርቷል። ስካነሩን ሰክቼ ከኮዱ ይልቅ ትሪሙን ተመለከትሁ፦ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ቤንዚን ሳይረገጥ፣ ሲሠራ 24 በመቶ ጭማሪ ነበር፤ ወደ 2500 ዙር ከፍ ሳደርገው ወደ 4 ወረደ። ይህ ንባብ ብቻውን ለሲሊንደሮቹ አየር በሚያከፋፍለው ማኒፎልድ በኩል አየር እየተሳበ መሆኑን ይናገራል። ቀዳዳው ያው አንድ ቀዳዳ ነው፤ በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ በቀዳዳው የሚገባው ያልተለካ አየር ትልቅ ድርሻ ይይዛል፣ ዙሩ ሲጨምር ግን ሞተሩ ብዙ አየር ስለሚስብ ያው ቀዳዳ ከቁጥር የሚገባ አይሆንም። ስለዚህ ከሞተሩ ክፍል የሚወጣውን የዘይት ጭስ ወደ ማኒፎልዱ የሚመልሰውን የጎማ ቱቦ በጣቴ ተከትዬ ሄድሁ። ከላይ ሲያዩት ምንም አልነበረውም፤ ከታጠፈበት ሥር፣ ዓይን በማይደርስበት በኩል፣ ጎማው በዘይት ለስልሶ እንደ ከንፈር ተሰንጥቋል። ስንጥቁን በሁለት ጣት ስይዘው የሚኒሞው ድምፅ ተለወጠ፣ በስካነሩ ላይ ያለው የአጭር ጊዜ ቁጥርም እያየነው መውረድ ጀመረ። ቱቦው ተለወጠ። ዋጋው ከአንዱ ሴንሰር ጋር እንኳ የሚወዳደር አልነበረም፤ ባለቤቱ በንዴት ምን እንዳለ እዚህ አልጽፈውም።

ሴንሰሩ በእርግጥ የሚበላሽበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜም ቢሆን በመፈተን እንጂ በመገመት አይለወጥም። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ በአየር ማስገቢያው በኩል ጥቂት የካርቡራቶር ማጽጃ ይነፋል። ቮልቱ ወዲያውኑ ከ0.8 በላይ ከወጣና ማጽጃው ሲያልቅ ከወረደ ሴንሰሩ ደኅና ነው፤ እውነተኛውን ምክንያት ሌላ ቦታ ፈልጉት። ነዳጅ እየበዛም ዝቅ ብሎ ከቀረ፣ ያን ጊዜ ሽቦውንና ማሞቂያውን ከመረመራችሁ በኋላ ሴንሰሩን ለውጡ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። በብዙ አዳዲስ ቶዮታዎች ላይ ከካታሊስቱ (ጭሱን ከሚያጣራው ክፍል) በፊት የሚገኘው የተለመደው ኦክስጅን ሴንሰር ሳይሆን የአየርና የነዳጅ ምጥጥንን የሚለካ ሌላ ዓይነት ነው፤ በእሱ ላይ 3.3 ቮልት አካባቢ ትክክለኛው ድብልቅ ሲሆን፣ ቮልቱ ከፍ ሲል ሊን፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ነዳጅ በዝቷል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ደኅናውን ሴንሰር በተገላቢጦሽ አንብቦ ሲኮንን ደጋግሜ አይቻለሁ።

«ሊን ካለ የግድ ነዳጅ አንሷል።»

ሴንሰሩ የሚያየው ኦክስጅንን እንጂ ነዳጅን አይደለም። አንድ ካንዴላ ወይም ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ቦቢና እሳት ሳይሰጥ ሲቀር የዚያ ሲሊንደር አየርና ነዳጅ ሳይቃጠሉ አብረው ይወጣሉ፤ ሴንሰሩም ያልተቃጠለውን ኦክስጅን አይቶ «ሊን ነው» ይላል። ኮምፒውተሩ በቂ ነዳጅ ለነበረው ሞተር ሌላ ነዳጅ ይጨምርለታል፣ የተረፈው ነዳጅ ደግሞ ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ እየነደደ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ከፒ0171 ጋር የሲሊንደር አለመንደድን ከሚያመለክቱት ከፒ0300 እስከ ፒ0304 ካሉት ኮዶች አንዱ አብሮ ከወጣ መጀመሪያ መታየት ያለበት እሳቱ ነው። ከሴንሰሩ በፊት ያለው የጭስ ማውጫ ሲሰነጠቅ ወይም በመጋጠሚያው መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ሲበላም ተመሳሳይ ነገር ይሆናል፤ ጭሱ የሚወጣው በምት በምት ስለሆነ በምቶቹ መካከል የውጭ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። ጠዋት ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ጥቅ ጥቅ እያለ፣ ብረቱ ሞቆ ሲሰፋ ድምፁ የሚጠፋ መኪና ካላችሁ፣ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት እዚያ ተመልከቱ።

«ሊን የሆነ ሞተር ነዳጅ ይቆጥባል።»

ኮምፒውተር ባለው መኪና ላይ ይህ አይሠራም። ከላይ እንደተባለው ኮምፒውተሩ ጉድለቱን ለመሙላት ነዳጅ ይጨምራል፤ ምክንያቱ የጭስ ማውጫ ስንጥቅ ወይም የማይነድ ሲሊንደር ከሆነ ደግሞ ባለመኪናው ለማይጠቅም ነዳጅ ይከፍላል።

«የቤንዚን ፖምፓው ደክሟል።»

አንዳንዴ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፖምፓ ሲደክም የትሪሙ ንባብ ከቱቦው የተገላቢጦሽ ይሆናል። በሚኒሞ ሞተሩ የሚፈልገው ነዳጅ ጥቂት ስለሆነ ደካማ ፖምፓም ያደርሰዋል፣ ቁጥሩም መልካም ይመስላል፤ ጭነት ሲመጣ ግን ይወጣል። ከአዲስ አበባ ሲመለስ ከጊቤ ሸለቆ ወደ አበልቲ በሚያወጣው ዳገት ላይ ጉልበት የሚያጣ፣ ከተማ ውስጥ ግን ምንም የማይለው መኪና ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። በእርግጥ ማፍ የሚባለው የአየር መለኪያ ሴንሰር በአቧራ ሲሸፈንም የሚገባውን አየር አሳንሶ ስለሚናገር ጭነት ሲጨምር ተመሳሳይ ንባብ ይሰጣል፤ በበጋ በገጠር የጠጠር መንገዶች ለሚመላለሱ መኪኖች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለቱን የሚለየው የነዳጅ ግፊት መለኪያ ነው። ወደ ሰልባትዮ (ወደ ነዳጅ ታንኩ) የሚመለስ መስመር የሌላቸው ብዙ የቶዮታ ሞተሮች ከ304 እስከ 343 ኪሎ ፓስካል ግፊት ሊኖራቸው ይገባል። ግፊቱ ጭነት ላይም ከጸና ፖምፓውን ተዉትና ማፉን ለእሱ በተሠራ ማጽጃ፣ በእጅና በጨርቅ ሳትነኩ፣ እጠቡት። ከወረደ ደግሞ ከፖምፓው በፊት ፊልትሮውን ተመልከቱ፤ ማደያ ላይ ሰልፍ ሲበዛ በጀሪካን የሚገዛ ቤንዚን ቆሻሻና ውኃ ይዞ ይመጣል፣ ያም ሰልባትዮው ውስጥ ባለው ፊልትሮ ላይ ይጠራቀማል። ጭነት ላይ የሚከሰት ሊንነት ከሁሉም አደገኛ መሆኑም መታወቅ አለበት፤ ፒስተን የሚያቃጥለው በሚኒሞ የሚሳብ ጥቂት አየር ሳይሆን ነዳጅ እያነሰው በዳገት የሚገፋ ሞተር ነው።

«ጅማ ከፍታ ስለሆነች ሞተር ሊን ይሆናል።»

ነገሩ በቀጥታ የተገለበጠ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1750 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ይሳሳል፤ አየር ሲሳሳ ደግሞ ካርቡራቶር ነዳጅ ያበዛል እንጂ አያሳንስም። ሊን የሚሆነው ለደጋ ተብሎ የተስተካከለ ካርቡራቶር ያለው ሞተር ሳይክል ወይም አሮጌ መኪና በበደሌና በጎሬ አድርጎ ወደ ጋምቤላ ሲወርድ ነው። ኢንጄክተር ያለው መኪና አየሩን ራሱ ለክቶ ስለሚያስተካክል ከፍታው አይመለከተውም።

ከፍታው በእርግጥ የሚያስተው ሌላ ነገር አለ፤ እሱም በማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን የስበት ኃይል የሚለካው የቫኪውም መለኪያ ንባብ ነው። በመጻሕፍት ላይ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል ተብሎ የሚጻፈው ለባሕር ዳርቻ ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ስለሚቀንስ ጅማ ላይ ከ11 እስከ 15 የሚያሳይ ሞተር ጤነኛ ነው። መጽሐፉን ይዞ 14 ያየ ወጣት መካኒክ «አየር ይስባል» ብሎ ምንም ያልሆነውን የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን ሲያወርድ ማየት ያሳዝናል።

ጥቃቅኖቹን በአጭሩ ላንሳ። ካንዴላው ስለነጣ ብቻ ሊን ነው ማለት በዛሬ ቤንዚንና በዛሬ ሞተር ላይ አያስተማምንም። የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ ኢንጄክተር ያለውን መኪና ጉልበት ያሳጣዋል እንጂ የሊን ኮድ አያወጣበትም። ሰልባትዮ ውስጥ የሚጨመር ጠርሙስ ደግሞ የተሰነጠቀ ቱቦ አይሰፋም።

«ኮዱን አጥፋልኝና እንየው።»

ይህን የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ መኪና ሊሸጡ ያሰቡ ሰዎች ናቸው፤ የሚያሳዝነው አንዳንድ መካኒክም ሥራውን የሚጀምረው በዚሁ መሆኑ ነው። ኮዱ ሲጠፋ የተጠራቀመው የረጅም ጊዜ ትሪምና ኮዱ በወጣበት ቅጽበት የነበረው የሙቀት፣ የዙርና የጭነት ንባብ አብረው ይጠፋሉ። ይኸውም ሞተሩ ጉድለቱን ያሳየው ጠዋት ሳይሞቅ ይሁን ወይስ በሙሉ ጭነት ላይ የሚነግረው መረጃ ነው። ጠዋት ብቻ ሊን የሚሆን ሞተር፣ ለምሳሌ፣ በብርድ የሚኮማተር የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን ሊኖረው ይችላል፤ ከሰዓት በኋላ ሞቆ ጋራዥ ሲደርስ ያ ምልክት የለም፣ የተቀመጠው ንባብ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥሮቹን በወረቀት ጻፉ ወይም በስልክ ፎቶ አንሡ፤ ኮዱ የሚጠፋው ከጥገናው በኋላ ነው።

አየር የሚስብበትን ቦታ ለመፈለግ በሞተሩ ላይ ቤንዚን የሚረጩ መካኒኮች አሁንም አሉ። የጋለ የጭስ ማኒፎልድና የቦቢና እሳት ባለበት ቦታ ይህን ማድረግ መኪናውንም ጋራዡንም ማንደድ ነው። የጭስ ማሽን ያለው ሞተሩን አጥፍቶ በሰርቮ ፍሬኑ ቱቦ በኩል ጭስ ይንፋና የሚወጣበትን ይመልከት፤ የሌለው በመርጫ ውኃ በየጓርኒሲዮኑና በየኢንጄክተሩ ሥር ጥቂት በጥቂት እየረጨ፣ የኤሌክትሪክ ሶኬቶችን እየጠበቀ፣ የሚኒሞውን ድምፅ ያዳምጥ። ማፍ በሌላቸው፣ የማኒፎልዱን ግፊት በሚለኩ መኪኖች ላይ ግን ኮምፒውተሩ የገባውን አየር በግፊቱ ስለሚያውቀውና ነዳጅ ስለሚጨምርለት፣ የሚሳብ አየር አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ባለ ሚኒሞ እንጂ በሊን ኮድ አይገለጥም።

ባለመኪና የሆናችሁ ደግሞ ለማንኛውም ዕቃ ከመክፈላችሁ በፊት መካኒኩ የትሪሙን ቁጥር በሚኒሞና በ2500 ዙር እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ ከጥገናው በኋላም መኪናውን ጥቂት ቀን ነድታችሁ ያንኑ ንባብ በድጋሚ አስነብቡ። የረጅም ጊዜው ቁጥር ወደ ዜሮ አቅራቢያ ካልተመለሰ፣ መብራቱ ለጊዜው ቢጠፋም፣ የተለወጠው ዕቃ የተበላሸው አልነበረም።