«የፊኛው ሂሊየም ነው እንዴ?»

ሰሞኑን ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ይዘን፣ ፊዚክስ የሚማር የሰፈር ልጅ ኒውትሮን የሚጠናበትን ፖላራይዝድ ሂሊየም አነሳ፤ ማለትም የኒውክለሶቹ (የአተሞቹ እምብርት) ስፒን ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰለፈ ሂሊየም። ስፒን ቅንጣት እንደ ትንሽ ማግኔት አቅጣጫ እንዲኖራት የሚያደርግ ባሕርይ ነው። ጨዋታው ደራ። ግማሹ ግን ስህተት ነበር፣ እዚህ ልጨርሰው።

«ኒውትሮኑን ከፈለጉ ለምን እሱን ብቻ በኤሌክትሮን ጨረር አይመቱትም?» አቦ፣ ማን አግኝቶት! ከኒውክለስ የወጣ ኒውትሮን በአማካይ 15 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ይፈርሳል፣ ቻርጅ ስለሌለውም አስሮ ማቆየት ከባድ ነው። ስለዚህ ከነቤቱ ይመቱታል። ቤቱ ሂሊየም-3 ነው፦ ሁለት ፕሮቶን፣ አንድ ኒውትሮን። የፕሮቶኖቹ ስፒን በአብዛኛው ተቃራኒ ስለሆነ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ የሚተርፈው የኒውትሮኑ ነው።

«የፊኛው ሂሊየም ነው እንዴ?» አይደለም። ለሰርግ የሚነፋው ሂሊየም-4 ነው፣ የኒውክለሱ ስፒን ዜሮ ስለሆነ የሚሰለፍ ነገር የለውም። ሂሊየም-3 በዋናነት የሚገኘው ትሪቲየም የሚባለው ራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን ሲፈርስ ነው፤ የዚያ ግማሽ ዕድሜ ደግሞ 12.3 ዓመት። ብርቅ ቢሆን ምን ይገርማል?

«ለማሰለፍ ብርድና ግዙፍ ማግኔት የግድ ነው።» ይሄን እኔም ድሮ አምን ነበር። አሜሪካ ቨርጂኒያ ባለው ጀፈርሰን ላብ የሚባል የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሂሊየሙን የሚይዙበት ዕቃ ግን መስታወት ነው፤ ከላይ ኳስ፣ ከታች 40 ሴንቲሜትር ገደማ ቱቦ። ኳሱ የተቀመጠው ምድጃ ውስጥ ነው፣ ከ200 ዲግሪ በላይ። የድሬ ፀሐይ እዚያ ብርድ ናት! ሙቀቱ ኳሱ ውስጥ ያሉትን ትንሽ ሩቢዲየምና ፖታሲየም የሚባሉ ብረቶች ያተናል። ከዚያ 795 ናኖሜትር የሆነ፣ በዓይን የማይታይ የሌዘር ብርሃን ይለቀቅበታል። ብርሃኑ የሩቢዲየምን ኤሌክትሮን ያሰልፋል፣ ሩቢዲየም ለፖታሲየም ያቀብላል፣ እነሱ ደግሞ ከሂሊየሙ ጋር ሲጋጩ ስፒኑን ለኒውክለሱ ያስተላልፋሉ። ቅብብሉ ዝግ ያለ ነው፣ ሰዓታት ይፈጃል። ጥቂት ናይትሮጅንም ይጨመራል፤ እሱ ከሌለ ሩቢዲየሙ የዋጠውን ብርሃን መልሶ እየተፋ ሰልፉን ያበላሸዋል። ማግኔቱስ? 25 ጋውስ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ) ገደማ። ፍሪጅ ላይ የምንለጥፈው ይበልጠዋል።

«ከዚያ ሁሉም ይሰለፋል።» ኧረ! 60 በመቶ ከተሰለፈ በጣም ጥሩ ነው። ኒውትሮኑም የሚይዘው የሂሊየሙን ፖላራይዜሽን 87 በመቶ ያህል ስለሆነ ቀሪው በስሌት ይታረማል።

«የኒውትሮን ስፒን በውስጡ ያሉት ሦስት ቅንጣቶች፣ የኳርኮች፣ ስፒን ድምር ነው።» ልጁ በዚህኛው እርግጠኛ ነበር። የኳርኮቹ ስፒን ድርሻ አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ኳርኮቹን በሚያጣብቁት ግሉዮኖችና በኳርኮቹ ዙረት መካከል እንዴት እንደሚከፋፈል ገና እየተለካ ነው። ይሄን ስነግረው ሻዩን አስቀምጦ «ታዲያ መማሪያው ለምን አይለውም?» አለኝ።